የእናት ቁጠባ፣ የልጅ ጋሻ

(ይህ ጽሑፍ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ባዘጋጀው የውይይት ፕሮግራም ላይ፣ ከገጠር ሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ጋር የሚሠሩ አንዲት ባለሙያ ለተማሪዎች ያደረጉት ንግግር ነው።)

 

በዚህ አዳራሽ ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ጊዜ እንደተነገራችሁ አውቃለሁ። ቫይረሱ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ብጠይቃችሁ ከእኔ በተሻለ ትመልሱልኛላችሁ። መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም፣ መመርመር፤ ይኼን ሁሉ በቃላችሁ ይዛችሁታል። ስለዚህ ዛሬ እሱን አልደግምባችሁም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው፤ ያውም ስለ ትንሽ ገንዘብ። በየሳምንቱ ሃያና አርባ ብር እየቋጠረች ስለምትቆጥብ የገጠር እናት ነው።

«ታዲያ ይኼ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥና ከዚያ ላብራራው። አንድ ሰው ራሱን ከቫይረሱ ለመጠበቅ ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ «እምቢ» ለማለት አቅም ያስፈልገዋል። እምቢ ማለት ደግሞ ነገ የሚበላው ላለው ሰው ይቀላል። የእናቷ እጅ ባዶ የሆነባት ልጅ ትምህርቱን ሁሉ ብታውቀውም ምርጫዋ ይጠባል። እናቷ በገዛ ስሟ የቆጠበችው ጥቂት ገንዘብ ካለ ግን ልጅቷ ቢያንስ ትንሽ ጊዜ ታገኛለች። ጊዜ ማግኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ባዶ ጎተራና የመስከረም ምዝገባ

አብዛኞቻችሁ ከገበሬ ቤት ስለመጣችሁ የገበሬውን ዓመት ታውቁታላችሁ። በብዙዎቹ እህል አብቃይ አካባቢዎች አዝመራው የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እህሉን ገበያ ያወጣል፤ ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። ቢሆንም ገበሬው ይሸጣል። ግብር አለበት፤ የዓመቱ ዕዳ አለበት፤ ሠርግና ተዝካር አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ጎተራው ይጎድላል፤ የእህል ዋጋ ይወደዳል፤ በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በነሐሴ በውድ መልሶ ይገዛል። በመሃሉ ሰው ከታመመ፣ በሬ ከሞተ፣ ወይም ለማዳበሪያ የሚከፈል ካነሰ፣ ያለው መንገድ አራጣ አበዳሪ ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ልብ በሉ። የትምህርት ቤት ምዝገባ መቼ ነው? መስከረም አካባቢ! ደብተር፣ ልብስ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የቤት ኪራይና ስንቅ የሚፈለገው ልክ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ በግ ይሸጣል፣ ዶሮ ይሸጣል። እሱም ሲያልቅ ቤተሰቡ ልጆቹን መቁጠር ይጀምራል። «ማን ይቅር?» ይባላል። በብዙ ቤት የምትቀረው ሴቷ ናት። ወይ ትዳር ይፈለግላታል፤ ወይ «ከተማ ዘመድ ጋ ሄደሽ ሥራ ፈልጊ» ትባላለች።

ከተማ መሄድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በምን ሁኔታ እንደምትሄድ እንይ። ዕድሜዋ ገና ነው፣ ገንዘብ የላትም፣ የምትተማመንበት ሰው የላትም። በሰው ቤት ሠራተኝነት ወይም በመጠጥ ቤት ትቀጠራለች። ደመወዟን የሚይዝባት፣ ሌሊት በሯን የሚያንኳኳ ሊኖር ይችላል። «እኔ አለሁልሽ» የሚል ሹገር ዳዲም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው በገጠር 0.4 በመቶ ሲሆኑ በከተማ 2.9 በመቶ ነበሩ። በፆታ ሲታይ ደግሞ ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ወንዶች 0.6 በመቶ ነበሩ፤ የሴቶቹ እጥፍ ነው። እንግዲህ ያቺ ልጅ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሥርጭት የምትጓዘው ለድርድር አቅም በሌላት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ሕጉ ከጎኗ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተለያዩ ክልሎች በተሰጠው የገጠር መሬት ማረጋገጫ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር ተደርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በደብተር ላይ ስም መኖሩ በክረምት የሚወጣ ብር አይሆንም። በብዙ ቤት የበሬው፣ የበጉና የጤፉ ሽያጭ በአባወራው እጅ ነው። በእናት እጅ የሚገባው የእንቁላሉ፣ የቅቤውና የጌሾው ሳንቲም ነው። እሱም ለጨውና ለጋዝ ሲባል ከገበያ ሳይመለስ ያልቃል።

ሣጥኗ ከየት መጣች?

«ደሃ ምኑን ይቆጥባል?» የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከቀየሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 በምዕራብ አፍሪካ፣ በኒጀር አገር ማራዲ በተባለው አካባቢ የተጀመረው ሥራ ነው። ኬር የተባለው ድርጅት እዚያ ካሉ የገጠር ሴቶች ጋር የቁጠባ ቡድኖች አቋቋመ። ስማቸውም በሐውሳ ቋንቋ «ማታ ማሱ ዱባራ» ተባለ፤ ብልሃተኛ ሴቶች እንደማለት ነው። ልዩ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ከውጭ የሚመጣ የብድር ገንዘብ አልነበረም። ሴቶቹ የሚበዳደሩት ራሳቸው ያዋጡትን ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ የእኛን አገር ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዳርሷል።

ለእኛ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። ዕቁብ አለን፤ ዕድር አለን። ነገር ግን ልዩነት አላቸው። ዕቁብ ዕጣ ለወጣለት ሰው ጠቅላላውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ልጅሽ ዛሬ ቢታመም ዕጣሽ ግን የሚወጣው ከአምስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ዕድር በዋናነት ለሐዘን ነው። የቁጠባና ብድር ቡድን የሁለቱንም ጠባይ ይዞ ብድርን ይጨምርበታል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑ የሚተዋወቁ ሴቶች ይኖሩታል። መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሣጥን ያዥና ገንዘብ ቆጣሪዎች ይመርጣሉ። ገንዘቡ በብረት ሣጥን ይቀመጣል። ሣጥኗ ሦስት ጓጉንቸር አላት፤ ሦስቱ ቁልፎች ደግሞ በሦስት የተለያዩ ሴቶች እጅ ናቸው። ሣጥኗን የምታሳድረው አራተኛ ሴት ናት። ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን ልክፈት ብትል አትችልም፤ ባሏ «አምጪው» ቢላትም «ቁልፉ እኔ ጋ የለም» ብላ እውነቱን ትናገራለች።

ቁጠባው በዕጣ ነው። ዕጣ ስል የሎተሪውን ማለቴ አይደለም፤ የአክሲዮን ድርሻውን ነው። እስቲ በቁጥር እንሞክረው፤ የሒሳብ መምህራችሁም ይስሙኝ። አንድ ዕጣ 20 ብር ነው እንበል። አንዲት ሴት በሳምንት ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 5 ዕጣ መግዛት ትችላለች። በገዛችው ልክ በደብተሯ ላይ ማኅተም ይመታል፤ ማንበብ የማትችለዋም ማኅተሟን ትቆጥራለች። 20 ሴቶች በአማካይ በሳምንት 2 ዕጣ ቢገዙ ሳምንታዊው ቁጠባ 800 ብር ይሆናል። በ50 ሳምንት 40,000 ብር ማለት ነው። ያውም ከማንም ሳይለምኑ!

ይህ ገንዘብ ቁጭ ብሎ አይከርምም። በየወሩ ለአባላት ይበደራል። ብዙ ቡድኖች አንዲት ሴት ከቆጠበችው እስከ ሦስት እጥፍ እንድትበደር ይፈቅዳሉ። 800 ብር የቆጠበችው 2,400 ብር ልትበደር ትችላለች ማለት ነው። ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት በሁሉም ፊት ትጠየቃለች። «እህት፣ ብሩን ለምን ፈለግሽው?» «ለበግ ማድለቢያ፤ ለፋሲካ እሸጠዋለሁ።» «መኖውስ?» «የጓሮዬ ሣር አለ።» እንዲህ እያሉ ይመክራሉ፤ ካመኑበት ይሰጣሉ። ወለዱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በወር 5 በመቶ ቢሆን 2,400 ብር ለሦስት ወር የወሰደች ሴት 360 ብር ወለድ ትከፍላለች። «ይኼማ ብዙ ነው!» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ይኸውላችሁ፦ የአራጣው ወለድ ወደ አበዳሪው ኪስ ገብቶ ይቀራል፤ የሣጥኗ ወለድ ወደ ሣጥኗ ይመለሳል።

ዓመቱ ሲያልቅ ሣጥኗ ባዶ እስክትሆን ገንዘቡ ይከፋፈላል። ቀድሞ ባሰላነው ምሳሌ 2,000 ዕጣ ተሸጧል። የ40,000 ብሩ ቁጠባ 6,000 ብር ወለድ ቢያስገኝ ድምሩ 46,000 ብር ይሆናል። ለ2,000 ስናካፍለው አንዱ ዕጣ 23 ብር ሆነ። በዓመቱ 100 ዕጣ የገዛችው 2,300 ብር ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክፍፍሉ መቼ እንዲሆን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ቡድን ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር እንዲደርስ ግንቦት ላይ ያደርገዋል። አንዳንዱ ለልጆች ምዝገባ እንዲደርስ ጳጉሜን ላይ ያደርገዋል። ያ የባዶ ጎተራ ወቅት መፍትሔ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከቁጠባው ለብቻ የሚቀመጥ የመረዳጃ ገንዘብም አለ። በሳምንት እንደ 5 ብር ይዋጣል። ልጅ ሲታመም፣ ቤት ሲቃጠል ከዚያ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ አባላትም ጠቃሚ ነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሰው መኪና ግን በነፃ አይሄድም። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ አንዲት እናት ቀጠሮዋን እንዳታቋርጥ የትራንስፖርት ብር መስጠት ራሱ የመከላከል ሥራ ነው። አባሏን «ከእኛ ጋር አትቀመጥ» የሚል ቡድን ቢኖር ግን የሚጎዳው እሷንም ራሱንም ነው።

ብር ብቻውን አይበቃም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ገንዘብ ብቻውን ሴትን ከጥቃትና ከቫይረሱ ይጠብቃታል ወይ? ይህንን ጥያቄ በጥናት የመረመሩ አሉ።

በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በስምንት የገጠር መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 አንድ ጥናት ተካሂዷል። በግማሾቹ መንደሮች ለደሃ ሴቶች አነስተኛ ብድር ተሰጠ። ብድሩ የመጣው ከተቋም ስለሆነ ከሣጥኗ አሠራር ይለያል። ሆኖም በብድር ስብሰባው ላይ ሥልጠና ተጨመረበት። ስለ ፆታ ሚና፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት፣ ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ከባልና ከልጅ ጋር እንዴት በግልጽ መነጋገር እንደሚቻል ተወያዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በፕሮግራሙ በተሳተፉት ሴቶች ላይ የሚደርሰው የባል ወይም የጓደኛ ጥቃት በ55 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው!

እውነቱን ሙሉ መንገር ስላለብኝ ይህንንም ስሙ። በዚያው ጊዜ ውስጥ በመንደሮቹ በአዲስ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር ሲቀንስ አልታየም። በፕሮግራሙ በቀጥታ በተሳተፉ ወጣት ሴቶች ላይ ግን ስለ ኤች አይ ቪ መነጋገርና መመርመር ጨምሮ፣ ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነት ቀንሶ ታይቷል። በኋላ ደግሞ ብድር ብቻ ያገኙ መንደሮች ከእነዚህ ጋር ተነጻጸሩ። ብድር ብቻ ያገኙት በኑሯቸው ለውጥ አሳዩ። በቤት ውስጥ መከበርና ከቫይረሱ ራስን መጠበቅን ጨምሮ ሰፋ ያለው ለውጥ የታየው ግን ብድሩንና ሥልጠናውን አንድ ላይ ባገኙት ዘንድ ነው። ትምህርቱ እነሆ፦ ብር ያለ ዕውቀት፣ ዕውቀትም ያለ ብር ግማሽ ናቸው።

ስለዚህ ጥሩ ቡድን በሣጥኗ ዙሪያ ሥልጠናም ያደርጋል። ገቢና ወጪን ለይቶ መመዝገብ፣ የቤት ወጪንና የንግድ ብርን አለመቀላቀል፣ እህልን በጥር ከመሸጥ ይልቅ ከነቀዝ ጠብቆ ዋጋ እስኪነሣ ማቆየት፣ የጓሮ አትክልትና የዶሮ እርባታ። ከዚያም አልፎ ያለዕድሜ ጋብቻና ኤች አይ ቪ መነጋገሪያ ይሆናሉ። እናቶች በአዳራሽ ስብሰባ ላይ የማይጠይቁትን፣ በየሳምንቱ ከሚያገኟቸው 20 ጎረቤቶች ጋር ሲቀመጡ ይጠይቃሉ።

ችግር የለውም ወይ?

አለው እንጂ። አራቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛ፣ እጅግ የደኸየችዋ ሴት በሳምንት አንድ ዕጣ መግዛት ሲያቅታት ራሷን ታገላለች። አስተዋይ ቡድን የዕጣውን ዋጋ የሚወስነው አቅሟ ዝቅተኛ የሆነችውን አይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ባል ሚስቱን አስበድሮ ብሩን ራሱ ይጠቀምበታል፤ ዕዳው ግን የእሷ ይሆናል። ለዚህ ነው ባሎችም ከመጀመሪያው ተጠርተው ደንቡን መስማት ያለባቸው።

ሦስተኛ፣ ድርቅ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመታል። ሁሉም ሊበደር ሲፈልግ ሣጥኗ አትበቃም። የዋጋ ንረትም በሣጥን የተኛን ብር ያሳሳዋል።

አራተኛ፣ ተአምር መጠበቅ የለብንም። በጋና፣ በማላዊና በኡጋንዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ እነዚህ ቡድኖች በገቡባቸው መንደሮች ቁጠባና ብድር፣ አነስተኛ ንግድና የሴቶች የመወሰን አቅም መሻሻሉን አሳይቷል። የቤተሰቡ አማካይ ፍጆታ ሲጨምር ግን አልታየም። ሣጥኗ ሀብታም አታደርግም። የምታደርገው የክረምቱን ገደል ማለፊያ ድልድይ መሆን ነው።

የእናንተ ድርሻ

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ ምን እናድርግ?» ላላችሁኝ መልስ አለኝ።

በቡድኖቹ ውስጥ ትልቁ ችግር የሒሳብ ሰው ማጣት ነው። ብዙ እናቶች የመማር ዕድል አላገኙም። በስብሰባው መጨረሻ ላይ በሣጥኗ የቀረው ብር ጮክ ተብሎ ይነገርና ሁሉም በቃላቸው ይይዙታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኗ ከመከፈቷ በፊት «ስንት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ግን ክፍፍሉ ሲመጣ ማካፈልና ማባዛት አለ። እናንተ ደግሞ ይኼን ከተማራችሁት ቆይቷል። በእረፍት ጊዜያችሁ የእናታችሁን ደብተር ተመልከቱላት። ዕጣዋን ስንት እንደደረሰ አሳዩዋት። ራሷ መቁጠር እንድትችል አስተምሯት እንጂ በእሷ ፈንታ አትወስኑባት። ገንዘቡ የእሷ ነው።

ወንዶች፣ ለእናንተ ለብቻ የምነግራችሁ አለኝ። እናታችሁ የስብሰባ ቀን ሲሆን ውኃውን ማን ይቀዳል? ከብቱንስ ማን ይመልሳል? ያችን ሁለት ሰዓት ከለቀቃችሁላት ለቁጠባዋ አዋጣችሁ ማለት ነው። እህታችሁ «ትቅር» ስትባልም ዝም አትበሉ። «እኔ ልማር፣ እሷ ትቅር» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚጸናው ወንድም ዝም ስለሚል ነው።

ሴቶች ልጆች ሆይ፣ ለእናንተም አለኝ። ችግር ሲመጣ ብቻችሁን አትወስኑ። ደብተር መግዣ አጣሁ ብላችሁ የማታውቁትን ሰው ስጦታ ከመቀበላችሁ በፊት ለእናታችሁ ንገሯት፤ እሷም ለቡድኗ ትንገር። ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው 300 ብር ለ20 ሴቶች 15፣ 15 ብር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ አይደል?

በመጨረሻም ለክበባችሁ አንድ ሐሳብ ልስጥ። በሚቀጥለው ዝግጅታችሁ ላይ ድራማና ግጥም ብቻ ሳይሆን የአካባቢያችሁን የሴቶች ቁጠባ ቡድን ጋብዙ። ሣጥናቸውን ይዘው ይምጡ፤ አሠራራቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ። እናንተም ስለ ኤች አይ ቪ የምታውቁትን ንገሯቸው። እነሱ ያላቸውን እናንተ የላችሁም፤ እናንተ ያላችሁን እነሱ የላቸውም።

ራስን መጠበቅ የሚጀምረው በፈተናው ሌሊት አይደለም። ከዚያ ብዙ ወራት በፊት፣ አንዲት እናት ከእንቁላል ሽያጭዋ ላይ 20 ብር ቀንሳ ሣጥኗ ውስጥ በከተተችበት ቀን ሊጀምር ይችላል። ያን ቀን እርዷት።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።